ላቱ ወረደ፣ ቂሙ ቀረ

መንዝ ውስጥ የሙክት ላት ቀርቦለት እጁን የሚሰበስብ ሰው ካያችሁ፣ ሐኪም ቤት ደርሶ የመጣ ነው። መሐል ሜዳ ላይ እንዲህ ያሉ አዛውንት አጋጠሙኝ።

«ጋሼ፣ ጾም ያዙ እንዴ?»

«ጾምማ ይፈታል። እኔን የያዘኝ አቶርቫስታቲን የሚሉት የኮሌስትሮል ክኒን ነው። ለመሆኑ ከምን ይሠሩታል?»

«የክኒኑ ዘር፣ ስታቲን የሚባለው፣ መጀመሪያ የተገኘው ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ ነው በ1973 እ.ኤ.አ. ያገኘው።»

«እኔ ደግሞ ባለቤቴ የሻገተ እንጀራ ባቀረበች ቁጥር ስቆጣት ኖርኩ! ለካ እያከመችኝ ነው።»

ክኒኑ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን መንገድ ገና ከመነሻው ያጠብበዋል። በዚያው መንገድ ላይ ሜቫሎኔት የሚባል ነገር አለ፤ ነገር የሚከረው እዚህ ነው። ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ሴል አንዴ ከተነካ፣ ሁለተኛ ሲነኩት ብሶበት ይቆጣል። ሜቫሎኔት ሲከማችበት ደግሞ ቂሙ ይጸናል። ሆላንድ፣ ናይሜገን ከተማ ያሉት ሚሃይ ኔቲያና ባልደረቦቹ ይህን «የሠለጠነ በሽታ መከላከያ» ብለውታል። ሕፃን እንደተወለደ የሚወጋው ቢሲጂ እንኳ ሞኖሳይትን እንዲህ ያነቃዋል።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ በለኛ!»

«ልክ ብለዋል። ችግሩ፣ ደም ውስጥ የተበላሸ ስብም ይወጋል። ያኔ ቁጣው የሚያርፈው በገዛ ደም ሥርዎ ላይ ነው።»

«ክኒኑ አያስታርቅም?»

«ቀድሞ ከደረሰ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ቤተ ሙከራ ውስጥ በጊዜ ስታቲን የተጨመረባቸው ሴሎች ቂም ሳይዙ ቀሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ግን ኮሌስትሮል በዘር የሚበዛባቸው ሕሙማን ሦስት ወር ስታቲን ወስደው ስቡ ሲወርድ፣ ሴሎቹ እንደተቆጡ ተገኙ።»

«ሞኖሳይት የምትለው ዕድሜው ስንት ነው?»

«ደም ውስጥ ቢቆይ ጥቂት ቀን።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያስታውስለት?»

«መቅኔ። አዳዲሶቹ ሴሎች ከዚያው ተቆጥተው ይወጣሉ።»

«አባት ይሞታል፣ የርስት ክርክሩ ለልጅ ይተላለፋል! ይሄማ የመንዜ ሴል ነው።»

«ርስት እኮ በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፣ ጋሼ።»

«አዋጁ መቅኔ ድረስ አልወረደም።»

አጠገባችን አረቄ የያዘ ጎረምሳ ጣልቃ ገባ፦ «ካልረሳማ ክኒኑን ይጣሉት!»

ላትም አረቄም እታገሣለሁ፤ እንዲህ ያለ ምክር ግን አይዋጥልኝም። «ሐኪሙ ስንት ዓመት የተማረውን አንተ በአንድ መለኪያ ልታርመው ነው?» አልኩት። በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው የጁፒተር ጥናት 17,802 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ መጥፎ ኮሌስትሮላቸው ያልበዛ፣ ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክት ግን ከፍ ያለባቸው። ሮሱቫስታቲን የወሰዱት ሲአርፒያቸው በ37 በመቶ፣ የልብና የደም ሥር አደጋቸው በ44 በመቶ ቀነሰ። ቂመኛው ቂሙን ባይተውም ዱላው ከእጁ ወድቋል፤ ጎረምሳው መልሶ ሊያቀብለው ነው።

ጋሼ ግን ሌላ ነገር ይዘዋል። «ገብስስ?»

የመንዝ ሰው ገብስ ሳያነሳ ጨዋታ አይጨርስም። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለ፤ ኮሌስትሮልን ዝቅ ያደርጋል። «ቆሎዎትን ይቆርጥሙ፣ ያግዝዎታል። ክኒኑን ግን አይተካም።»

«እንግዲያው ጠላም ገብስ ነው።»

«ብቅል ሲሆን ቤታ ግሉካኑ ይፈርሳል፣ ጋሼ።»

ወደ ጎረምሳው ዞሩ። «ይህን ሰውዬ ሰርግ የሚጠራው አለ?»