የፉሪ ሽምግልና

አማርኛና አፋን ኦሮሞ በፉሪ ተራራ ግርጌ አጥር ተካፍለው ይኖሩ ነበር። ልጆቻቸው ጎመንና ድንች የሚሸጡት አንድ ጉሊት ላይ ነው፤ በአንዷ ቋንቋ ዋጋ ጠርተው በሌላዋ ይከራከራሉ። እናቶቹ ግን «አጥሩ ክንድ ገፋ» ተባብለው ተካሰሱ። ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠው ራሱ ተራራው ነበር።

«እኔ የሴም ልጅ ነኝ» አለች አማርኛ። «እህቶቼ ትግርኛ፣ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ናቸው። ከዚህች ጋር ምን ያዛምደኛል?»

አፋን ኦሮሞም «እኔ የኩሽ ነኝ» ብላ ዘመዶቿን አስጠራች። ሶማልኛና አፋርኛ በጅቡቲ ባቡር መጥተው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ወረዱ። የዓባይ ሰሃራ ቤት ልጆች ኑዌርኛና አኙዋክኛም፣ ከሁለቱም ወገን አይደሉምና፣ ለምስክርነት ተጠሩ።

ፉሪ አማርኛን ጠየቃት፤ «አንተንና እሷን ስታነሺ ‹ማወቅ›ን እንዴት ትዪዋለሽ?»

«ታውቃለህ፤ ታውቃለች።»

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«ቤክታ፤ ቤክቲ።»

ሸንጎው ጸጥ አለ። አንዷ ከግሡ ፊት፣ ሌላዋ ከግሡ ኋላ ያኖረቻት ያች «ተ» ከገበያ የተሸመተች አይደለችም። ቃል እንደ ሸቀጥ ከአገር አገር ይዞራል፤ ግሥ የሚረባበት ስልት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወረሰው ከእናት ነው። በ1786 እ.ኤ.አ. ካልካታ ላይ ዊሊያም ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ዳኛ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ ሳይቀዱ አይቀርም ያለው በግሥ ሥሮቻቸውና በሰዋስዋቸው ተመርቶ ነው።

«ደግሞ እህትሽ ዓረብኛ ‹ጠጣ ሰውየው ውኃ› ስትል» አለ ፉሪ፣ «አንቺ ግሡን መጨረሻ ላይ ማሳረፍን ከማን ተማርሽ?»

አማርኛ አቀረቀረች። «ከአገውኛ ጋር አብሬ ነው ያደግሁት።»

«አገውኛ የማን ልጅ ናት?»

«የኩሽ።»

እንግዲህ ይህችን መልስ እኔ ከፍርዱ አስበልጬ እወዳታለሁ፤ መወለድ ሳይበቃ አብሮ ማደግም ተጨምሮበታልና። ፉሪ አጥሩ ባለበት ይርጋ፣ መሐሉ ላይ ግን በር ይከፈትለት ብሎ ፈረደ።

ሰው ሊበተን ሲል ወላይትኛ ደረሰች። የኦሞ ልጆች ሴምንና ኩሽን ከወለደችው ጥንታዊት እናት፣ ከአፍሮ እስያ፣ መወለድ አለመወለዳቸው ሊቃውንቱን ዛሬም ያከራክራል። ሸንጎውም ለሁለት ተከፈለ።

«‹ስም›ን በአፍሽ ምን ትዪዋለሽ?» አላት ተራራው።

«ሱንታ።»

ከናይጄሪያ የመጣችው የአፍሮ እስያ ልጅ ሃውሳ ብድግ አለች። «እኔ ሱና ነው የምለው!»

«ቃል ሊዋዋሱ ይችላሉ» አለ አንዱ ከኋላ፤ «በአንድ ቃል ዝምድና አይፈረድም።» ፉሪም እውነቱን ነው ብሎ ወላይትኛን ግሦቿን ይዛ እንድትቀርብ ቀጠራት።