ውዳሴ ዘማቆያ

መንግሥታችን፣ ዕድሜው ይርዘምና፣ ማናቸውም የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት እናት ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 በደነገገ ጊዜ፣ ያላመሰገነ ቢኖር ልቡ የደነደነ ነው። ይሁን እንጂ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ገበያ፣ አቮካዶዋን በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ደርድራ በአንድ እጇ ዝንብ እያባረረች በሌላው መልስ የምትቆጥረው እናት፣ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችምና ከበረከቱ አልተቆጠረችም፤ የእርሷ ማቆያ ጀርባዋ ነው፤ በጀት አይጠይቅም፣ ሪባን አይቆረጥለትም፣ (ይህ ነው ጉዱ) ለሪፖርትም አይመችም። በ2002 ዓ.ም. የወጣውም የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ አፀደ ሕፃናቱን በአመዛኙ ለግልና ለበጎ አድራጊ ትቶ፣ መንግሥት ለራሱ ያስቀረው ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለችውን የአንድ ዓመት «ኦ» ክፍል ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የመንግሥትን ቸርነት ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ይጠብቅ ተብሎ ነበር።