የመዥገሯ ከተማ

ከመተሐራ ወጣ ብሎ፣ ከፈንታሌ ተራራ ግርጌ፣ በአንዲት የከረዩ ላም ጡት ሥር መዥገር ተጣብቃ ትኖር ነበር። ዕድሜዋን በአንድ ከብት ላይ ከሚጨርሱት ወገን ናት። በሆዷ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ከተማ ነበረ።

የከተማው ቀለብ ደም ብቻ ነው፤ የሚገባውም በአንድ በር ነው። ታዲያ ደሙ ብቻውን አይመጣም። በላሟ ቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አብረውት ሾልከው ይገባሉ። ቆዳው ላይ ሳሉ ማንንም የማይነኩ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሆድ ከገቡ በኋላ ግን ይባዙና ከተማውን ይጨርሱታል።

ስለዚህ በሩ ይጠበቅ ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዳንዶቹ ደሙ ሲፈጭ፣ ቀይ ከሚያደርገው ነገር የሚወድቀውን ስባሪ እየለቀሙ ጦር ያበጃሉ። አለቃቸው ግን ሽማግሌው ሰይፍ ያዥ ነበር። ሰይፉ የባክቴሪያን ግድግዳ ያፈርሳል። አያቶቹ ያገኙትም ከራሳቸው ከባክቴሪያዎቹ ነው፤ እነዚያ እርስ በርስ ሲጋደሉ ይዋጉበት ነበር።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመው፤ ሰይፉ ፈጠራ አይደለምና። የመዥገር ዘር ሰይፉን የሚሠራውን ዘረመል ከባክቴሪያ የወሰደው ከ40 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ በአሜሪካ የአጋዘን መዥገር ላይ የተሠራ ጥናትም መሣሪያው ሲከሽፍባት የቆዳ ባክቴሪያ እንደሚበረታባት አሳይቷል። መዥገር ከብት የምታመነምን፣ የሞጆ ፋብሪካዎች የሚያለፉትን ቆዳ የምታበላሽ ተባይ መሆኗን አውቃለሁ። ከባላንጣ የተማሩትን ይዞ መኖር እንደማያሳፍር ግን ከእሷ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ወደ ከተማው ልመለስ። ከአደባባዩ ርቆ፣ እንቁላሎቹ ከሚሠሩበት አጠገብ፣ እትዬ ጓዳ የሚሏት ሴት ትኖር ነበር። እሷም ባክቴሪያ ናት። ደም ቢጠጡት ቢጠጡት ቢ ቫይታሚን ያንሰዋል፤ ያንን የምታዘጋጅላቸው እሷ ናት። ከእናት ወደ ልጅ በእንቁላል ውስጥ ትሻገራለች። ሰይፉ እሷ ቤት ደርሶ አያውቅም።

አንድ ሰሞን የላሟ ቆዳ ቆሰለና ባክቴሪያው በገፍ ገባ። ጠባቂዎች ወደቁ፤ የልቅሶው ድንኳን ሳይነሣ ሸንጎ ተጠራ። አንድ ጎረምሳ ጠባቂ ብድግ አለ።

«እስከ መቼ ነው በር ላይ ቆመን አንድ በአንድ የምንለየው? ባክቴሪያ የተባለ ሁሉ ይጥፋ!»

ሰይፍ ያዡ፣ «ልጄ፣ ይህ ሰይፍ የማን ነበር? የበላኸውንስ ማን አሰናዳው?» አለው።

«ጋሼ፣ እርስዎ አርጅተዋል» አለ ጎረምሳው። ጉባኤው አጨበጨበ።

እትዬ ጓዳ ከዳር ቆማ ነበር። «እኔኮ ከአያቶቻችሁ ጋር ነው የመጣሁት» አለች። የሰማት የለም። ጥቂቶች የሰሙ መስለው አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ አብዝቼ የማዝነው በእነዚህ ነው።

በማግስቱ የላሟ ባለቤት «አተኮሳት» ብሎ ቴትራሳይክሊን አስወጋት። መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ከተማው ገባ፤ ወዳጅና ጠላት አልለየም። ወራሪዎቹ ረገፉ። አደባባዩ በእልልታ ተናወጠ። እትዬ ጓዳም በዚያው ቀን ሞተች፤ ያን ሰሞን ጓዳ የገባ ስላልነበረ ሞቷን ያወቀ የለም።

ላሚቱ በአይሱዙ ተጭና፣ ወለንጪቲን አልፋ፣ አዳማ ከብት ገበያ ደረሰች። መዥገሯ ጠግባ ከአጥሩ ሥር ወደቀች፤ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ሞተች። ልጆቿ ስድስት ስድስት እግር ይዘው ተፈለፈሉ፣ ሣር ጫፍ ላይ ወጥተው ጠበቁ፣ ወደ መቂ በምትነዳ ጊደር ላይ ተሳፈሩ። ደም ጠጡ። አንድ ጊዜ ቆዳቸውን ገፈው ባለ ስምንት እግር ሆኑ። ሁለተኛው ግን አልሆነላቸውም። በዚህች መዥገር የቅርብ ዘመድ ላይ በቤተ ሙከራ የታየውም እንዲሁ ነው፤ ወዳጅ ባክቴሪያው በቴትራሳይክሊን ሲጠፋ ልጆቹ ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ይቀራሉ።

በእያንዳንዷ ልጅ ሆድ ውስጥ ያለው ከተማ በሩም ሰይፉም እንደነበረ ነው። ደም ሞልቶ ሰዉ ይከሳል። ወደ ጓዳ ሮጡ፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ የአዲሱ ትውልድ ሰይፍ ያዥ ወደ በሩ ወረደና፣ ከደሙ ጋር የገባውን የመጀመሪያ ባክቴሪያ ሰይፉን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ የጓዳ ሙያ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀው።

«እኔ የቆዳ ልጅ ነኝ» አለው እንግዳው። «የምትሉት ሙያ በእንቁላል የሚወረስ ነው። እናታችሁ አላወረሰቻችሁም?»