መናፍስቱ ይለኩልን

በባሕር ማዶ የጨረራ መለኪያ ይዘው ጋኔን አለበት የሚባል ቤት እየዞሩ የሚለኩ ሰዎች አሉ። ጥላ የሚታየው ጨረራ በበዛበት እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኔ ደግሞ ሰቆጣ ትለካልኝ ባይ ነኝ።

መለካት ሰቆጣ ላለችበት ለዋግ ብርቅ አይደለም። የሕፃኑ ክንድ በባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ይለካል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። እናቶች ቀለሙን ከለኪው ቀድመው ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተገባ፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር በ2030 ያበቃል ተባለ። ከተማዋ ስሟን ሰጥታለች፤ የቀረውን ትጠብቃለች።

ሳይንሱን ላስቀድም። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ከሕዋ የሚወርደው ጨረራ ከቆላው ይልቅ ይበረታባታል። ከአለቱም ራዶን የሚሉት ጋዝ ይሾልካል፤ መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ ሳይጠሩት ይገባል፣ ሳንባ ላይ ይቀመጣል፣ ተነሥ የሚለውም የለም። የዓለም ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ይደርሰዋል። ከላይ የሚወርድ ነገር በመንገድ ሳይሰረቅ ድሃው ዘንድ ሲደርስ ያየሁት የሕዋውን ጨረራ ብቻ ነው። ይህ መጠን ግን ጋኔን አያሳይም።

ጋኔን የሚያሳየው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ሌሊት ኮቴ ስለሚሰማው ቤተሰብ ጻፈ፤ ጥፋቱ የተበላሸ ማሞቂያ የሚተፋው መርዘኛ ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ ቤት ዘግቶ ከሰል የሚሞቅ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ቪክ ታንዲ የተባለ መሐንዲስ ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሥራ ክፍሉ ያየውን ግራጫ ጥላ ጆሮ ከማይሰማው የማራገቢያ ድምፅ ጋር አያያዘው። የማይሰማ ድምፅ ሰው ያስበረግጋል ነው ነገሩ። ዋግ ላይ የማይሰማ ድምፅ ማንንም ሲያስበረግግ አላየሁም።

ለንደን ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ሙከራ ይበልጥ ይገርማል። ሰዎች «ያልተለመደ ነገር ሊሰማችሁ ይችላል» ተብለው አንድ ክፍል ገቡ፤ ብዙዎቹም ተሰማቸው፤ በክፍሉ የተለቀቀው የማይሰማ የድምፅ ሞገድ በራ ጠፋ ለውጥ አልነበረውም። ይመጣል የተባሉትን ሳይመጣ አዩት። እኛ ይመጣል የተባልነው ስንት ነው? ጥላውን እንኳ ያየ የለም። ዋጎች በቀላሉ የሚታለሉ አይደሉም ማለት ነው።

እንበልና መሣሪያው መጣ። ባለሙያው «ጨረራ ልንለካ ነው አባቴ» ይላል። ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ «እሰይ! ጨረታውን ከለካችሁማ ጋኔኑ ያለበትን እኔ አሳያችኋለሁ» ብለው ዱላቸውን አንሥተው ይቀድማሉ።

አንድ ቤት አለ፤ ጣሪያ እንጂ በር የለውም፣ ሌሊት ያፏጫል። ራቅ ብሎ ቦኖ አለ። ሽማግሌው ቧንቧውን ያዞሩታል፤ ያስነጥሳል፣ አየር ይተነፍሳል፣ ዝገት የቀላቀለ ጠብታ ይተፋና ዝም ይላል። ከጎኑ የምረቃው ዕብነ በረድ ያበራል። መሣሪያው ለካ፣ ለካ፣ ለካ፤ ለካ ምንም የለም!

«ከተማው አጠገብ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግ ገዢዎቹ የዋግሹሞቹ አስከሬን በሣጥን አለ ይባላል፤ እዚያስ ብንለካ?» ይላል ባለሙያው።

«ተዋቸው ልጄ፣ እነሱ አያስቸግሩም። ሞተዋል፣ አካላቸው አለ። የሚያስቸግሩን ስማቸው መዝገብ ላይ ያሉ፣ አካላቸው የሌለ ናቸው።»

ባለሙያው ይጽፋል። ቅጹ ላይ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ በየስንት ጊዜው ይታያል?

«በዓመት አንዴ፤ ሰኔ ሊያልቅ ሲል። በመኪና ነው የሚመጣው።»