ነጭ ጋዋን የለበሰ ሊቅ

በሆስፒታል የማለዳ ጉብኝት ሲደረግ የተመለከተ ሰው፥ ሕክምና ምን ያህል ምጡቅ ጥበብ እንደ ሆነ ሳያደንቅ አይመለስም። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሊቅ ደቀ መዛሙርቱን አስከትሎ ይመጣና፥ የልጅ ልጅ ያዩትን እናት «አንቺ፥ ምላስሽን አውጪ» ብሎ ካዘዘ በኋላ፥ ስለ ጉበታቸው በእንግሊዝኛ ይፈላሰፋል፤ እርሳቸውም ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው፥ የግዕዝ ቅዳሴ እንደሚያስቀድስ ምእመን በትዕግሥት ያደምጣሉ።

ክኒኑ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ እንዲዋጥ ይታዘዛል፤ ወራቱ ዐቢይ ጾም መሆኑን፥ እኒያ እናትም ከሰንበታት በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ መጠየቅ ግን (ለበሽተኛ የሚራራው ፍትሐ ነገሥት በመድኃኒት ቤት ስለማይሸጥ ይሆናል) ከሊቃውንት አይጠበቅም።

«ጸበል ትጠጫለሽ እንዴ?» የሚለው ጥያቄ በቁጣ ስለሚቀርብ፥ «ኧረ የለም ጌታዬ» የሚል መልስ ይገኝለታል፤ መልሱም፥ የጸበሉ ጀሪካን ከአልጋው ሥር እያለ፥ በካርዱ ላይ እንደ እውነት ይመዘገባል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል ባንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስታውቀው ነበር፤ ሊቁ ግን ከፓትርያርኩ ይልቅ ቀናኢ ነው።

ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ ጋርሲያ የተባሉ አሜሪካውያት ሐኪሞች በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፥ ሐኪም በበሽተኛው ባህል ፊት ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሆኖ እንዲኖር መክረዋል። የኛ ሊቅ ትምህርቱን በምረቃው ዕለት ፈጽሞ ስለ ጨረሰ፥ ምክሩ አይመለከተውም።