ክቡር እቃ ማጠቢያ

እቃ ማጠቢያ ማሽን ገዝታችሁ ከሳሙና ለተገላገላችሁ አዲስ አበቤዎች ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ! ማሽኑ ቁጥብ ነው፤ ለአንድ ዙር ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ፈረቃው ደርሶ ውሃው ከመጣ ማለት ነው።

አያያዙም ቀላል ነው። ሰሃኑ ላይ የደረቀውን ሽሮ መጀመሪያ በእጅ ፈቅፍቆ መጣል። የአሉሚኒየም ድስት ይጠቁርበታል፣ የእንጨት ማማሰያ ይሰነጠቅበታል፣ የሸክላውን ጀበና ነገር ባናነሳው ይሻላል፤ እነዚህን በእጅ ማጠብ። ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ ይታጠባል፦ ከሆዱ ሥር ያለውን ማጣሪያ ነቅሎ በጥርስ ብሩሽ መፈተግ፣ ውሃ የሚረጨውን ክንፍ ቀዳዳዎች በስቴኪኒ መጎርጎር፣ የበሩን ጎማ መወልወል። ጨውም ይቀለባል፤ የወጥ ጨው ግን ክብሩን ይነካል፣ የራሱ ጨው አለው። በመሃል መብራት ከሄደ በሩን ከፍቶ የቀረውን በእጅ መጨረስ ነው።

በተረፈ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው።

ስለዚህ ተመላላሽ ሠራተኛ እንፈልጋለን። ልብስ ማጠብ፣ ምግብ ማብሰል አይጠበቅባትም፤ ማሽን ማጠብ የምትችል ብትሆን ግን ደመወዙ በስምምነት ነው።