ቆርቆሮዋ ትመስገን

ደብረ ታቦር ውስጥ ከማከብራቸው የእጅ ባለሙያዎች የሚልቅብኝ፣ የዘይት ጣሳ ቆርጦ አሮጌ አይሱዙ «የሚያድሰው» መካኒክ ነው። ከጭስ ማውጫው ጭስ ትንሽ ቀንሶ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ኢጂአር የሚሉት ቫልቭ አለ። ባለሙያው ብሎኖቹን ይፈታል፣ መሃል ላይ ቆርቆሮዋን ይከታል፣ መልሶ ያጠብቃል። የያዘው ሻይ ሳይበርድ ያልቃል። ጃፓኖች የደከሙበትን እኛ በአንዲት ጣሳ ገላገልናቸው።

«አሁን መኪናው ይተነፍሳል» ይላሉ ሾፌሮቹ። እውነት ነው፣ መኪናው ይተነፍሳል። የማይተነፍሰው ከኋላው ያለው ነው።

ምክንያታቸው አይናቅም። ከተማችን 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ የወረታው ዳገትም ዳገት ነው። ከልኩ በላይ የጫነ አይሱዙ እዚህ ሲደርስ ቢያቃስት አይፈረድበትም። ጭነት መቀነስ የሚባለው ነገር ግን ማንም አያስበውም። አጼ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሰው በገመድ ጎትቶ መቅደላ አድርሶታል፤ ጉልበት አነሰን ብሎ የደፈነው ቫልቭ ግን አልነበረም። ኋላ ቀር ዘመን!

ቆርቆሮዋ ብቻዋን አትመጣም። ኢጂአሩ ሲዘጋ «እግረ መንገድህን» ተብሎ ፖምፓው ይከፈታል፤ ናፍጣው እንደ ልቡ ይፈሳል፤ በሳሳው አየር መቃጠል ያቃተው በጥቁር ጭስ ይወጣል። በረከቱም የሚጀምረው እዚህ ነው። የሳሙና ነጋዴ ገበያ ያገኛል። ተማሪዎች ትንፋሽ መያዝ ይለማመዳሉ።

ትልቁ በረከት ግን የለቅሶ ልብስ ነው። አስፋልት ዳር በነጭ ነጠላ የቆመ ሰው አንድ አይሱዙ እስኪያልፍ ቢታገስ፣ ጥለቱን ሳያዞር፣ ለማቅለሚያ ሳንቲም ሳያወጣ ሐዘንተኛ ሆኖ ይመለሳል። እድሮቻችን ይህን ሀብት ችላ ማለታቸው ያስቆጫል። ለቅሶ በተጠራ ቁጥር የእድሩ ዳኛ ጥሩንባ አስነፍቶ ለቀስተኛውን ዳገቱ ላይ ያሰልፍ፤ ሾፌሩም በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጦ ይለፍ። አቋቋሙ በዝምድና ይሁን፦ ልጆች ከማርሚታው አፍ ክንድ ያህል ርቀው ከሰል ይምሰሉ፤ ወንድምና እህት ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው አመድማ ይሁኑ፤ አማቾች ዳማ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ጫፉን ብቻ ያስነካ። የአክስት ልጅ ከወንድም ቀድሞ ቢቆም ጉዳዩን ሽማግሌ ይየው። የመኪናው ባለቤት ወርኃዊ መዋጮውን በጭስ ይክፈል፤ ደረሰኙ ጋቢ ላይ ይታተምለት። ለአርባው ዙሩ ይደገም፤ ለሙት ዓመቱ አቅም ያለው ቤተሰብ ተሳቢ ይከራይ። ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል «እገሌ እንባ አልወጣውም» የሚል ሐሜት ይቀራል፤ አልቃሽ መቅጠርም ያከትማል። እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሳበው ሕፃን ማሳል ሲጀምር ደግሞ እድሩ ለከርሞም ሥራ አይፈታም።

ሳሉ ግን ቀልድ አይደለም። የናፍጣ ጭስ ሰው ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. ካንሰር አምጪ መሆኑ ከተረጋገጠው መደብ፣ ከሲጋራ ጭስና ከአስቤስቶስ ጎን አስፍሮታል።

«እኔ ከዘጋሁት ወዲህ እንዲያውም ጭሱ ቀነሰ» የሚለኝ ሾፌር አለ። አልዋሸም፤ ፖምፓው ካልተነካ ጥላሸቱ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ ሥራው እሳቱን ማብረድ ነበር። እሳቱ ሲግል በአየሩ ያለው ናይትሮጅን ከኦክስጅን ጋር ይዋሐድና ሳንባ የሚያቆስል ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ዓይን ስለማያየው ማንም አይከሰስበትም። ምን ያለ ጨዋ መርዝ ነው!

ይህንኑ ጋዝ ሲደብቅ የኖረው የመኪና አምራች ፎልክስቫገን በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጋለጥ፣ ምርመራ ላይ ሲሆን ብቻ ጨዋ የሚሆን ሶፍትዌር ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖች ላይ ጭኖ ተገኘና በቢሊዮን ዶላሮች ተቀጣ። ምስኪኖች! በቦሎ ምርመራ ዕለት ጠዋት ፖምፓውን ጠበብ፣ ከሰዓት መልሶ ከፈት ማድረግን የሚያስተምራቸው አጡ። የብክለት ቁጥጥር አዋጃችን፣ ቁጥር 300/1995፣ ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዳገቱ ላይ ግን ሲያነበው ያየሁት አይሱዙ የለም።

ኢጂአር በጥላሸት ይደፈናል፤ ይህ የታወቀ ነው። የተደፈነ ይፈታል፣ ይፋቃል፣ ታጥቦ ይገጠማል። ሾፌር ወንድሜ፣ መካኒክህ መቀሱን ሲያነሳ ካየኸው እጁን ያዘው። የእጥበቱን ክፈለው፣ ፖምፓውንም ወደ ልኩ አስመልሰው። ከጭነትህም ላይ አሥር ኩንታል አውርድ።